ደቦ የማያፋጥነው ሥራ፦ የፋብሪካ ቀለምና የክረምት ጥገና

በስኳር ፋብሪካ አካባቢ ያደገ ሰው የክረምትን መግባት የሚያውቀው በዝናቡ ብቻ አይደለም። ከጥቅምት ወይም ከኅዳር ጀምሮ ሌት ተቀን ሲሠራ የከረመው የአገዳ መጭመቂያ ድምፁ ይጠፋል፤ የቦይለሩ ጭስ ማውጫ መጨሱን ያቆማል፤ አገዳ ጭነው ይመላለሱ የነበሩ ተሽከርካሪዎችም በየመጠለያቸው ይደረደራሉ። በወንጂም ሆነ በመተሐራ «ፋብሪካው ቆሟል» የሚባለው በዚህ ጊዜ ነው። አባባሉ ግን ግማሽ እውነት ነው። የቆመው ስኳር ማምረቱ እንጂ ሥራው አይደለም። በግቢው ውስጥ የብየዳ ብልጭታና የመዶሻ ድምፅ የሚበረታው፣ ግዙፎቹ ሮለሮች ከቦታቸው የሚነሡት፣ የቦይለር ቱቦዎች አንድ በአንድ የሚመረመሩት በእነዚሁ ሁለትና ሦስት ወራት ውስጥ ነው።

በዚህ ሁሉ ሩጫ መጨረሻ ላይ ተራውን ሲጠብቅ የሚገኘው ባለሙያ ቀለም ቀቢው ነው። መካኒኩ ገጥሞ፣ በያጁ በይዶ፣ ኤሌክትሪሺያኑ ሽቦውን ዘርግቶ ካልጨረሰ ብሩሹን ማንሳት አይችልም። ሌሎቹ ሲዘገዩ የሚቆረሰውም የእርሱ ቀን ነው። «ቀለሙ ይደርሳል፤ ዋናው ማሽኑ ይነሣ» የሚለው አነጋገር በፋብሪካ ስብሰባዎች እንግዳ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አነጋገር ከፊዚክስ፣ ከኬሚስትሪና ከሒሳብ አንጻር ስሕተቱ የቱ ላይ እንደሆነ ማሳየት ነው።

ለመሆኑ የፋብሪካ ቀለም ለጌጥ ነውን? ለቢሮ ግድግዳ እንዲያ ሊሆን ይችላል። አዲስ የተጨመቀ የአገዳ ጭማቂ ግን አሲድነት ያለው ፈሳሽ በመሆኑ ያልተሸፈነ ብረትን ቀስ በቀስ ይበላል። ዝገት ደግሞ ከተገኘበት ብረት ይልቅ ብዙ እጥፍ ቦታ የሚይዝ በመሆኑ በቀለሙ ሥር ሲፈጠር ሽፋኑን እየገፋ ያነሣዋል፤ በተነሣው በኩልም ውሃና አየር ይገባሉ። ከአንድ ሚሊሜትር ግማሽ የማይሞላ ሽፋን ነው እንግዲህ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበትን ታንክ ከመበሳት የሚያድነው።

ደረቁ ወቅት እያለ ለምን በክረምት?

አንድ አስተዋይ ተማሪ ወዲያውኑ የሚያነሣው ጥያቄ ይኖራል። ቀለም ውሃን የሚጠላ ከሆነ ፋብሪካው ዝናብ በማይጥልባቸው ወራት ለምን አይቀባም?

መልሱ በአገዳው ማሳ ይጀምራል። በክረምት መሬቱ ስለሚረካ ከባድ ተሽከርካሪ ወደ ማሳው መግባት ያዳግተዋል፤ አገዳውም ስኳር ከማጠራቀም ይልቅ ወደ ማደግ ያዘነብላል። ስለዚህ የኢትዮጵያ የስኳር ፋብሪካዎች በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከጀመረው ከመጀመሪያው የወንጂ ፋብሪካ አንሥቶ ዓመታዊ ጥገናቸውን በክረምት ማካሄድ ልማዳቸው ሆኖ ቆይቷል። በበጋ ታንኮቹ ሙሉ፣ የእንፋሎት መስመሮቹም የጋሉ ናቸው። በጋለ ብረት ላይ የተቀባ ቀለም ደግሞ በውስጡ ያለው ማቅጠኛ ፈጥኖ ስለሚተን ደቃቅ ቀዳዳዎችን ይዞ ይደርቃል። እነዚያ ቀዳዳዎች ለዓይን አይታዩ ይሆናል፤ ለውሃ ግን በር ናቸው።

እዚህ ላይ የጸሐፊውን አስተያየት ለመሰንዘር ይፈቀድ። በየፋብሪካው የክረምት የቀለም ሥራ ዝርዝር ውስጥ የማምረቱን መቆም የማይጠይቅ ሥራም ተጨምሮ ይገኛል። የመጋዘን ጣሪያ፣ የአጥር ብረት፣ የውጭ ደረጃና የመወጣጫ ድጋፍ በጥርና በየካቲት ሊቀቡ ይችላሉ። የፀሐዩን ግለት ለመሸሽ በማለዳ መጀመር ብቻ ይበቃል። ማንኛውም ጥሩ መርሐ ግብር የሚጀምረው በክረምት መሠራት የሌለበትን ከክረምት በማውጣት ነው። የሚቀረው፣ ታንኩ ባዶ ካልሆነ ወይም እንፋሎቱ ካልተዘጋ የማይሠራው፣ እርሱ ነው እውነተኛው ችግር።

ጤዛ የሚወስነው የሥራ ሰዓት

አየር በውስጡ በማይታይ መልክ ውሃ ይይዛል። አየሩ ሲቀዘቅዝ ውሃ የመያዝ ዐቅሙ ስለሚቀንስ በአንድ የተወሰነ የሙቀት መጠን ላይ ትርፉ ጤዛ ሆኖ ይወጣል። ይህ የሙቀት መጠን «የጤዛ ነጥብ» ይባላል። አንድ ብረት ከአካባቢው አየር የጤዛ ነጥብ በታች ከቀዘቀዘ ዝናብ ባይነካውም በላዩ ላይ ስስ የውሃ ሽፋን ይፈጠራል። ሽፋኑ ብዙ ጊዜ በዓይን አይታይም፤ በእጅ ቢዳሰስም አያስታውቅ ይሆናል። በእርሱ ላይ የተቀባ ቀለም ግን የያዘው ብረቱን ሳይሆን ውሃውን ነው።

ለዚህም ሲባል በኢንዱስትሪ ቀለም ሥራ በሰፊው የተለመደ አንድ ሕግ አለ፤ ይኸውም የብረቱ ገጽ ሙቀት ከጤዛው ነጥብ ቢያንስ በ3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መብለጥ አለበት፤ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበትም በአብዛኛው ከ85 በመቶ መብለጥ የለበትም። ሕጉን በምሳሌ እንመልከተው። በነሐሴ አንድ ቀን ንጋት 12 ሰዓት ላይ የአየሩ ሙቀት 18 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱም 85 በመቶ ነው እንበል። የጤዛው ነጥብ 15.4 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ብረቱ ቢያንስ 18.4 ዲግሪ መሆን ይኖርበታል። ነገር ግን ሜዳ ላይ ያደረ ብረት ሌሊቱን ሙቀቱን ወደ ሰማይ ሲያፈስ ስለሚያድር በንጋት ከአየሩም በታች ሊቀዘቅዝ ይችላል። 16 ዲግሪ ላይ ቢገኝ ሥራው አይጀመርም። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ወጥታ አየሩ 25 ዲግሪ፣ እርጥበቱም 60 በመቶ ሲደርስ የጤዛው ነጥብ 16.7 ይሆናል፤ ብረቱ በዚያን ጊዜ 26 ዲግሪ ከሞላ ከበቂ በላይ ነው።

ፈጣን ግምት ለሚፈልግ አንባቢ አንድ ቀላል ስሌት እነሆ፦ አንጻራዊ እርጥበቱን ከ100 ቀንሶ ለ5 ማካፈልና ውጤቱን ከአየሩ ሙቀት መቀነስ። ለሁለተኛው ምሳሌ 100 ሲቀነስ 60፣ ለ5 ሲካፈል 8፤ 25 ሲቀነስ 8፣ 17 ይሆናል። ከትክክለኛው 16.7 ጋር ብዙም አይራራቅም። እርጥበቱ ከ50 በመቶ በታች ከወረደ ግን ስሌቱ አይታመንም።

እንግዲህ በክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናብ በሚጥልበት ቦታ ቀለም ቀቢው በእጁ የሚቀረው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ያህል ነው። አራት ሰዓት! የሠራተኛው የሥራ ቀን ስምንት ሰዓት ቢሆንም የቀለሙ የሥራ ቀን ግማሹ ነው። በአባይ ተፋሰስ ውስጥ የሚገኘውና ከወንጂ የበለጠ ዝናብ የሚያገኘው ፊንጫ ደግሞ ይህም ሊጠብበት ይችላል። ውሃ የያዘ ታንክ ከሆነ ነገሩ የባሰ ነው፤ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ቶሎ ስለማይሞቅ ግድግዳው እስከ እኩለ ቀን ድረስ ማላቡን አያቆምም። ቀዝቃዛ ለስላሳ የያዘ ጠርሙስ በሞቃት ክፍል ውስጥ የሚያልበው በዚሁ ምክንያት ነው።

ችግሩ በመቀባቱ አያበቃም። ቀለም ከመቀባቱ በፊት ብረቱ በኮምፕሬሰር ኃይል በሚረጭ ሻካራ ብናኝ እስኪነጣ ድረስ ይጠረጋል፤ ሠራተኞቻችን «ሳንድ ብላስቲንግ» የሚሉት ነው። ስሙ ከአሸዋ ቢወሰድም የወንዝ አሸዋ ለዚህ መዋል የለበትም፤ በውስጡ ያለው ሲሊካ ሲደቅቅ በሳንባ ውስጥ ሲሊኮሲስ የተባለውን የማይድን በሽታ ያመጣል። በዚህ መንገድ የተራቆተ ብረት በእርጥብ አየር ውስጥ በጥቂት ሰዓታት ቡናማ ጥላ ይጥልበታል። በመሆኑም በዕለቱ የተጠረገ ብረት በዕለቱ የመጀመሪያውን ልባስ፣ በተለምዶ «አንቲረስት» የሚባለውን፣ መልበስ አለበት። ከዚህ የሚከተለው የመርሐ ግብር ሕግ ቀላል ነው፤ ዛሬ ልትቀባ ከምትችለው በላይ ዛሬ አትጥረግ። አሥር ሰው ቀኑን ሙሉ ሲጠርግ ውሎ ማታ ዝናብ ከመጣ፣ በማግስቱ አሥሩም ያንኑ ሥራ እንደገና ይጀምራሉ።

ሁለት ፈሳሾች ሲጋቡ

አኳራጃ ተጨምሮበት የሚቀባው የተለመደው የዘይት ቀለም በአየር ኦክስጅን አማካይነት ይደርቃል። በፋብሪካ ታንኮች ውስጥ በብዛት የሚገባው ኢፖክሲ ግን አደራረቁ ከዚህ የተለየ ነው። በሁለት ጣሳ ይመጣል፤ አንዱ ሙጫው፣ ሌላው ማጠንከሪያው ነው። ሲቀላቀሉ በመካከላቸው ኬሚካላዊ ግብረ መልስ ይጀመራል፤ ሞለኪውሎቹ እየተያያዙ አንድ ትልቅ መረብ ይሠራሉ። ይህ ግብረ መልስ እንደ ብዙዎቹ ግብረ መልሶች ሁሉ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ፍጥነቱ በግምት በግማሽ ይቀንሳል። በ20 ዲግሪ 8 ሰዓት የሚጠይቀው ልባስ በ10 ዲግሪ 16 ሰዓት ያህል ይጠይቃል ማለት ነው።

ቅዝቃዜው ከእርጥበት ጋር ሲደመር ሌላ ጣጣ ይመጣል። በማጠንከሪያው ውስጥ ያሉት አሚን የተባሉት ውሁዶች ሙጫውን ትተው በአየር ውስጥ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከውሃው ጋር ይጣመሩና በቀለሙ ገጽ ላይ ካርባሜት የተባለ ቅባት መሰል ሽፋን ይፈጥራሉ። ሽፋኑ ታጥቦ ካልተወገደ ቀጣዩ ልባስ አይጣበቅም።

እያንዳንዱ ልባስ «ከዚህ በፊት አትደርብብኝ» የሚለው ሰዓት እንዳለው ሁሉ «ከዚህ በኋላም አትደርብብኝ» የሚለው ጊዜ አለው። ኢፖክሲ ከሚገባው በላይ ከቆየ እንደ መስታወት ጠንክሮ ስለሚለሰልስ ቀጣዩ ልባስ ቆንጥጦ የሚይዝበት ቦታ አያገኝም፤ ገጹን በብርጭቆ ወረቀት ወይም በብናኝ እንደገና ማሻከር ግድ ይሆናል። አንድ ሳምንት ያለማቋረጥ ሲዘንብ ከርሞ ሁለተኛውን ልባስ ያስተላለፈ ፋብሪካ የሚከፍለው የሳምንቱን ኪሳራ ብቻ አይደለም፤ የማሻከሩንም ሥራ ይጨምራል።

ሁሉም ቀለም ግን እርጥበትን አይጠላም። ዚንክ ሲሊኬት የተባለው ዝገት ተከላካይ ልባስ የሚጠነክረው ከአየር ውስጥ ውሃ እየወሰደ ነው። አየሩ እጅግ ደረቅ ከሆነ ሳይጠነክር ስለሚቀር ሠራተኞች ሆን ብለው ውሃ ይረጩበታል። ስለዚህ «የክረምት ቀለም» የሚባል ነገር የለም ማለት አይቻልም። ምን ቀለም በየትኛው ወር እንደሚገዛ ከመርሐ ግብሩ ጋር አብሮ መወሰን ያለበት ጉዳይ ነው።

ከኬንታኪ የመጣ ሒሳብ

እስካሁን ያየነው ተፈጥሮ የምትጥለውን ገደብ ነው። በእነዚህ ገደቦች ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ሥራዎችን በምን ቅደም ተከተል ማስኬድ ይቻላል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የሒሳብ ዘዴ የተወለደው በኢንዱስትሪው ዓለም መሆኑ ብዙ ተማሪዎች የሚያውቁት አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1957 የዱፖንት የኬሚካል ኩባንያ ባልደረባ ሞርጋን ዎከርና የሬሚንግተን ራንድ የሒሳብ ባለሙያ ጄምስ ኬሊ «የወሳኝ መንገድ ዘዴ» የሚባለውን ፈለሰፉ። ዘዴው ከተፈተነባቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ በኬንታኪ ግዛት፣ በሉዊቪል ከተማ የነበረው የዱፖንት የሰው ሠራሽ ጎማ ፋብሪካ የጥገና ጊዜ ነበር። ፋብሪካው ለጥገና ይቆምበት የነበረው አማካይ ጊዜ ከ125 ሰዓት ወደ 93 ሰዓት ዝቅ አለ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱን ሥራ በቀስት፣ የሥራዎቹን መጋጠሚያ በነጥብ እናመልክት። ከመነሻ እስከ መድረሻ የሚወስዱ ብዙ መንገዶች ይገኛሉ፤ ከእነርሱ ረጅሙ የሥራውን ጠቅላላ ጊዜ ይወስናል። በዚህ መንገድ ላይ ያለ ሥራ በአንድ ቀን ከዘገየ ሁሉም በአንድ ቀን ይዘገያል። ከመንገዱ ውጪ ያለ ሥራ ግን ትርፍ ጊዜ አለው።

ለምሳሌ ከጣሪያ ውጪ የቆመ አንድ የጭማቂ ታንክ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው። ታንኩን ባዶ ማድረግ፣ ማጠብና በውስጡ ያለውን አየር መመርመር 2 ቀን፤ የተበላውን ላሜራ ቆርጦ አዲስ መበየድ 6 ቀን፤ መጥረግና የመጀመሪያው ልባስ 4 ቀን፤ ሁለተኛው ልባስ 2 ቀን፤ ሦስተኛው 2 ቀን፤ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር 7 ቀን፤ በውሃ ሞልቶ መፈተሽ 1 ቀን። ድምሩ 24 ቀን ነው። የታንኩ ፓምፕ እድሳት ደግሞ 10 ቀን ይፈጃል። ታንኩ ባዶ እንደሆነ በ2ኛው ቀን መጨረሻ ቢጀመር በ12ኛው ቀን ያልቃል፤ የሚፈለገው ግን በ24ኛው ቀን ለውሃው ፍተሻ ነው። ስለዚህ ፓምፑ 11 ቀን ትርፍ ጊዜ አለው። በስብሰባው ላይ ብዙ የሚወራለት ፓምፑ ነው፤ ወሳኙ መንገድ ግን የሚያልፈው ማንም በማያወራለት ቀለም ላይ ነው።

አሁን ላሜራው ዘግይቶ ደረሰና ብየዳው በ4 ቀን ተጓተተ እንበል። ኃላፊው «ቀለም ቀቢዎቹን እጥፍ አድርጓቸው» ይላል። ይህ ምን ያህል ያድናል? ጤፍ አጨዳ በደቦ ይፋጠናል፤ የተጠነሰሰ ጠላ ግን ጎረቤት ሁሉ ቢሰበሰብ ከቀኑ በፊት አይፈላም። የታንኩ ሥራም ሁለቱንም ዓይነት ይዟል። መጥረጉና መቀባቱ አጨዳ ነው፤ 7ቱ የመጠንከሪያ ቀናት ግን ጠላ ናቸው። ከ7ቱ ቀናት ሦስቱን «ቆርጦ» ጭማቂውን የሞላ ፋብሪካ በወሩ ውስጥ ያበጠና የተላጠ ሽፋን፣ በጭማቂው ውስጥም የማቅጠኛ ሽታ ቢያገኝ ሊደነቅ አይገባም።

ሳንቲም እየወረወሩ ማቀድ

የ24 ቀኑ ዕቅድ አንድ ውሸት በውስጡ ይዟል፤ ዝናብን አያውቅም። ከስምንቱ የመጥረግና የመቀባት ቀናት (4፣ 2 እና 2) እያንዳንዱ ደረቅ ረፋድ ይፈልጋል። በአካባቢው ከሁለት የክረምት ቀናት አንዱ ብቻ ለሥራ ይመቻል ብለን እናስብ። አንባቢ አንድ ሳንቲም ይያዝና ይወርውር፤ የአንበሳው ፊት ከወጣ ሥራ አለ፣ ካልወጣ የለም። ስምንት አንበሳ እስኪሞላ ስንት ጊዜ ይወረወራል?

ስምንቱም ውርወራ ተከታትለው አንበሳ የመሆናቸው ዕድል ከ256 አንድ ነው። የ24 ቀኑ ዕቅድ የተመሠረተው በዚህ ዕድል ላይ ነው! አማካዩ 16 ቀን ነው። ይሁን እንጂ 16 ቀን ያቀደ ሰውም የሚሳካለት ከአሥር ስድስት ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ በቀጠሮው ለመድረስ የሚሻ 21 ቀን መመደብ አለበት። እንግዲህ የ24 ቀኑ ሥራ በሐቅ 37 ቀን ሆነ። በእርግጥ የዝናብ ቀናት እንደ ሳንቲም እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ አይደሉም፤ ዝናብ ሲይዝ ለቀናት ይይዛል። ይህም ግምቱን የባሰ እንጂ የተሻለ አያደርገውም።

ታንኩን በሸራ ድንኳን መሸፈንና በደረቅ ሞቃት አየር ማናፈስ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚታየው በዚህ ስሌት ነው። የሚመቹት ቀናት ከአሥር ስምንት ከሆኑ ለዚያው ዘጠኝ ከአሥር ዋስትና 12 ቀን ይበቃል። ዘጠኝ ቀን ተረፈ። ለሸራውና ለማሞቂያው የሚወጣው ገንዘብ መነጻጸር ያለበት ከዘጠኝ የማምረቻ ቀናት ዋጋ ጋር ነው። በእኔ እምነት ብዙ ጊዜ የሚነጻጸረው ከቀለሙ ዋጋ ጋር ስለሆነ «ውድ ነው» ተብሎ ይተዋል።

በወረቀቱ ላይ ያልተጻፈው ሥራ

መርሐ ግብር ሲጣበብ የሚከፈለው ዋጋ የተላጠ ቀለም ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። ኢትዮጵያ አዲሱን ሚሌኒየም በተቀበለች በሃያኛው ቀን፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 2007፣ በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት፣ ካቢን ክሪክ በተባለው የኃይል ማመንጫ የቀለም ሠራተኞች ውሃ ወደ ተርባይኑ በሚያወርደው ረጅም ቱቦ ውስጥ ገብተው ግድግዳውን ኢፖክሲ እየለበሱት ነበር። የመርጫ መሣሪያው ቀለሙን እንደሚፈለገው ስላልረጨ ሥራው ተቋረጠና መሣሪያውን ለማጠብ ሜቲል ኢቲል ኬቶን የተባለውን ማቅጠኛ እዚያው ቱቦው ውስጥ ተጠቀሙ። ትነቱ ተቀጣጠለ። እሳቱ በአምስት ሠራተኞችና በብቸኛው መውጫ መካከል ነበር። ሠራተኞቹ ለ45 ደቂቃ ያህል በእጅ ሬዲዮ ከውጭ ካሉት ጋር ሲነጋገሩ ከቆዩ በኋላ በጭሱ ታፍነው ሞቱ። በጠባብ ቦታ ውስጥ ለማዳን የሠለጠነው ቅርቡ ቡድን ያለው ከአንድ ሰዓት በላይ በሚያስኬድ ርቀት ላይ ነበር።

የዚህን ማቅጠኛ ባሕርይ በወረቀት ላይ ማስላት ለአንድ የኬሚስትሪ ተማሪ አያዳግትም። አንድ ሊትሩ 805 ግራም ያህል ይመዝናል፤ የሞላር ክብደቱ 72 በመሆኑ 11 ሞል ገደማ ነው፤ ሲተን 270 ሊትር ያህል ትነት ይወጣዋል። በአየር ውስጥ ሁለት በመቶ እንኳን ሳይሞላ መቀጣጠል ስለሚችል አንድ ሊትር ብቻ 15 ሜትር ኩብ አየርን፣ ማለትም አንዲት ትንሽ ክፍልን፣ ለፍንዳታ ያዘጋጃል። ትነቱ ከአየር ሁለት ተኩል እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ላይ አይወጣም፤ በወለሉ ላይ ይተኛል።

አደጋውን የመረመረው የአሜሪካ የኬሚካል አደጋዎች መርማሪ ቦርድ ካነሣቸው ነጥቦች መካከል የማይቀጣጠል ማጠቢያ ለመጠቀም ይቻል እንደነበር፣ ከቱቦው ለመውጣት አንድ በር ብቻ እንደነበረና በሥራው ቦታ የትነቱን መጠን የሚከታተል ዝግጅት እንዳልነበረ ይገኙበታል። ከእኛ ርእስ ጋር የሚያያዘው ነጥብ የሚከተለው ነው። በአብዛኛው መርሐ ግብር ላይ «አንደኛ ልባስ፣ ሁለተኛ ልባስ» ተብሎ ይጻፋል። መሣሪያው የት፣ በምን፣ በማን እንደሚታጠብ ግን አይጻፍም። ያልተጻፈ ሥራ ጊዜ አይመደብለትም፤ ጊዜ ያልተመደበለት ሥራ ደግሞ በቅርቡ ቦታ፣ በቅርቡ ፈሳሽ ይሠራል። ብየዳና ቀለምም እንዲሁ ናቸው፤ በመርሐ ግብሩ ላይ በተለያየ ረድፍ ስለተጻፉ የማይነካኩ ይመስላሉ፤ አንዱ ከላይ ብልጭታ ሲያዘንብ ሌላው ከሥሩ ቲነር ከፍቶ ሊገኝ ይችላል። በአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ እንዳይውሉ የሚያግድ ቀስት በሥዕሉ ላይ መሰመር አለበት።

የቆየ ቀለም የሚጠረግበት ፋብሪካ ደግሞ ሌላ ረድፍ ይጨምራል። በቀድሞ ዘመን የነበሩ ብዙ ዝገት ተከላካይ ቀለሞች እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት የያዙ ነበሩ፤ ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚገኘውን የእርሳስ መጠን በሚሊዮን ከ90 እጅ እንዳይበልጥ የወሰነችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ስለዚህ ከመጥረጉ በፊት ናሙና ወደ ላቦራቶሪ መሄድ አለበት፤ ውጤቱን የመጠበቂያው ጊዜም በመርሐ ግብሩ ውስጥ መግባት አለበት።

ከጥቅምት ወደ ኋላ

ይህን ሁሉ የያዘ መርሐ ግብር የሚጻፈው ከፊት ወደ ኋላ ሳይሆን ከመጨረሻው ቀን ወደ ኋላ ነው። ያው ታንክ ለጥቅምት 1 ዝግጁ መሆን አለበት እንበል። የውሃው ፍተሻ መስከረም 30 ይውላል። ሰባቱ የመጠንከሪያ ቀናት ከመስከረም 23 እስከ 29 ናቸው። ከዚያ በፊት 21 የቀለም ቀናት ያስፈልጋሉ፤ እንቁጣጣሽና መስቀል ሥራ ስለሌለባቸው ተቆጥረው ሲወጡ መጥረጉ ጳጉሜን 5 መጀመር አለበት። ስድስቱ የብየዳ ቀናት ከነሐሴ 29 እስከ ጳጉሜን 4፣ ታንኩን ባዶ የማድረጉና የማጠቡ ሥራ ነሐሴ 27 እና 28 ይሆናል። ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ ከሆነ ጳጉሜን ስድስት ስለምትሆን አንድ ቀን በነጻ ይገኛል። በመስከረም አጋማሽ ዝናቡ እየሳሳ ስለሚሄድ ከ21ዱ ቀናት የተወሰኑት ሊተርፉ ይችላሉ፤ የተረፉት ግን ከወዲሁ ለሌላ ሥራ አይሰጡም።

እነዚህ ሁሉ የመጨረሻዎቹ ቀናት ናቸው፤ ከእነርሱ ማለፍ አይቻልም፤ መቅደም ግን ይቻላል። ላሜራው ነሐሴ 28 ማታ በመጋዘን ካልተገኘ በማግስቱ በያጁ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ላሜራው ከውጭ አገር የሚመጣ ከሆነም የግዢ ጥያቄው መፈረም ያለበት በሚያዝያ፣ አገዳው ገና እየተጨመቀ፣ ታንኩም እስከ አፉ ሞልቶ ሳለ ነው።